የቆመ መኪና ባትሪ ለምን ይሞታል? በዝግታ የመሙላት ሳይንስ

የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ በዓላት ሲቃረቡ ከዋሽንግተን፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከፍራንክፈርት፣ ከዱባይና ከሪያድ ተነሥተው ወደ አገር ቤት የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ቁጥር ይጨምራል። ተጓዦቹ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት የውሃውን መስመር ይዘጋሉ፣ ፍሪጁን ባዶ ያደርጋሉ፣ መኪናቸውን ቆልፈው ይሄዳሉ። ከስድስትና ከስምንት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ቁልፉን ሲያዞሩ ግን ብዙዎቹ የሚሰሙት የሞተሩን ድምፅ ሳይሆን ከሞተሪኖው የሚመጣ ደካማ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። መኪናውን ማንም አልነካውም፤ መብራት በርቶ አልቀረም፤ ባትሪውም ገና የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። ታዲያ ሳይሠራ እንዴት ሞተ? የኬሚስትሪው መልስ አጭር ነው፤ ባትሪው የሞተው ሳይሠራ በመቆየቱ ነው። የመኪና ባትሪ ዕረፍት የሚስማማው ዕቃ አይደለም። ባዶ ሆኖ መቆየት ከአገልግሎት ይበልጥ ይጎዳዋል። ይህን ጉዳት ለመከላከል የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ውድም ውስብስብም አይደለም፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ትክክለኛ ቮልቴጅና ትዕግሥት ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

ዛሬም በአብዛኛው መኪና ኮፈን ሥር የሚገኘው ባለ 12 ቮልት ባትሪ የተመሠረተው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 በፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ላይ ነው። የመኪና አካል ሊሆን የበቃው ግን አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል የካዲላክ መኪኖች ላይ ከተገጠመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሞተር የሚነሣው በአብዛኛው በእጅ በሚሽከረከር ብረት ነበር።

ሳጥኑ በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ሙሉ ሲሆን 2.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ቮልት ይሆናሉ። በየክፍሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፕሌቶች ተደርድረዋል። ፖዘቲቩ የእርሳስ ዳይኦክሳይድ፣ ኔጌቲቩ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ንጹሕ እርሳስ ነው። ሁለቱም የተነከሩት ከውሃ ጋር በተቀላቀለ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነው።

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በአሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ከእርሳሱ ጋር ይጣመርና በሁለቱም ፕሌቶች ላይ የእርሳስ ሰልፌት ሆኖ ይቀመጣል። አሲዱ እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ቻርጅ ሲደረግ ሂደቱ ይገለበጣል፤ ሰልፌቱ ከፕሌቶቹ ለቅቆ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል፣ አሲዱም ይጠነክራል። ባትሪው ለዓመታት የሚያገለግለው ይህ ምልልስ ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ምልልሱ መሐል መንገድ ላይ ሲቆም ነው። አዲስ የተፈጠረ የእርሳስ ሰልፌት ደቃቅ ነው፤ በቀላሉም ይሟሟል። ባትሪው ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ግን ደቃቆቹ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ወደ ትልልቅና ጠንካራ ክሪስታሎች ያድጋሉ። ትልልቆቹ ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፉም፤ ቻርጅ ሲደረግባቸውም በቀላሉ አይመለሱም። የፕሌቱን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ፤ ባትሪው ሊይዘው የሚችለውን የኃይል መጠንም ለዘለቄታው ይቀንሳሉ። ባለሙያዎች ይህን ክሥተት «ሰልፌሽን» ይሉታል። ባትሪዎች ያለጊዜያቸው ከሚሞቱባቸው ዋና ዋና ምክንያቶችም አንዱ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው አንድ የተለመደ ስሕተት ለምን ስሕተት እንደሆነም ይገባዋል። አንዳንዶች ባትሪያቸው ሲደክም «አሲዱ አልቋል» ብለው አዲስ አሲድ ይጨምሩበታል። አሲዱ ግን የትም አልሄደም፤ በሰልፌት መልክ ፕሌቱ ላይ ተቀምጧል። አሲድ መጨመር የተቀመጠውን ሰልፌት አያስነሣም፤ ይልቁንም ፈሳሹን ከልክ በላይ አጠንክሮ ፕሌቶቹ ቶሎ እንዲበሉ ያደርጋል። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ ፈሳሹ ሲጎድል የሚጨመረው በተለምዶ «የባትሪ ውሃ» የሚባለው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃ በውስጡ ማዕድናት ስላሉት አይሆንም።

መኪናው ሲተኛ የማይተኙት

የቆመ መኪና ባትሪ በሁለት መንገድ ይደክማል። አንደኛው ከውስጥ ነው። ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኘ ባትሪ እንኳ በራሱ ኬሚካላዊ ሂደት ቀስ በቀስ ይወርዳል። በመደበኛ የክፍል ሙቀት ጥሩ ባትሪ በዚህ መንገድ በወር የሚያጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ሁለተኛውና የሚብሰው ከውጭ ነው። ዘመናዊ መኪና ተቆልፎ ሲቆም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የማንቂያ ደወሉ ይጠብቃል፣ የርቀት ቁልፉን ምልክት የሚቀበለው ክፍል ያዳምጣል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሮቹም ትዝታቸውን ለመያዝ ጥቂት ኃይል ይወስዳሉ። ጤናማ በሆነ መኪና ይህ ድብቅ ፍጆታ በአብዛኛው ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ይደርሳል። ለአንዲት ትንሽ የመኪና አምፖል እንኳ የማይበቃ ፍሰት ነው።

ትንሹ ፍሰት ግን ቀንም ሌሊትም አያርፍም። 60 አምፔር ሰዓት መያዝ የሚችል ባትሪና 30 ሚሊአምፔር የሚወስድ መኪና እንውሰድ። በ24 ሰዓት 0.72 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፤ በ30 ቀን 21.6፤ በ60 ቀን 43.2 ይደርሳል። በሁለት ወር ውስጥ ከባትሪው ኃይል 72 በመቶው አለቀ ማለት ነው። ይህ ስሌት ባትሪው አዲስና ጉዞው ሲጀመር ሙሉ እንደነበረ በማሰብ የተሠራ ነው። በከተማ ውስጥ አጫጭር ጉዞ ብቻ የሚያደርግ መኪና ግን ባትሪው ብዙውን ጊዜ ሙሉ አይሆንም። ተጨማሪ የማንቂያ መሣሪያ፣ የመከታተያ ጂፒኤስ ወይም ሁልጊዜ የሚቀርጽ ካሜራ የተገጠመለት ከሆነ ደግሞ ሁለት ወር ሳይሆን ሁለት ሳምንትም ላይበቃው ይችላል።

የባትሪውን ሁኔታ ለማወቅ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚይዘው ተራ ቴስተር ይበቃል። መኪናው ከጠፋ ወይም ባትሪው ከቻርጀር ከተላቀቀ ከበርካታ ሰዓታት በኋላ፣ ቢቻል አንድ ሌሊት አድሮ፣ የሁለቱ ጫፎች ቮልቴጅ ይለካል። 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህል፣ 12.0 ሲሆን ደግሞ ሩብ ያህል ቀርቶታል። በሙሉና በሩብ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ቮልት ያነሰ በመሆኑ «12 ካለ ደኅና ነው» የሚለው ግምት አሳሳች ነው። ቆሞ የሚቆይ ባትሪ 12.4 ላይ ሲደርስ እንደገና መሞላት ይገባዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ክሪስታሎቹ ሳይጠነክሩ የሚደረግ ሙሌት ከጠነከሩ በኋላ ከሚደረግ ብዙ ትግል ይሻላል።

ብርድና ሙቀት፤ ሁለት የተለያዩ ጠላቶች

ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የውጭ ከተሞች መካከል አንዳንዶቹ ለባትሪ እጅግ አስቸጋሪ ናቸው። በሚኒሶታ የክረምት ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ እንግዳ ነገር አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የበጋው የቀን ሙቀት ከ45 ዲግሪ ያልፋል።

በብርድ ጊዜ ኬሚካላዊው ሂደት ይዘገያል፤ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ይወፍራል። ባትሪው አቅሙ በሚቀንስበት በዚያው ሰዓት ከፍተኛ ጉልበት ይጠየቃል ማለት ነው። ከዚህ የከፋው አደጋ ግን በረዶ ነው። ሙሉ የሆነ ባትሪ ውስጥ ያለው ጠንካራ አሲድ የሚቀዘቅዘው ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ ባለፈ ብርድ ነው፤ ስለዚህ ሰው በሚኖርባቸው ከተሞች ሁሉ ማለት ይቻላል ደኅና ነው። በግማሽ የወረደ ባትሪ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ባዶ የሆነው ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ በረዶ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀረው ውሃ የበዛበት ቀጭን አሲድ ነውና። በረዶው ሲሰፋ ፕሌቶቹን ያጣምማል፣ ሳጥኑንም ይሰነጥቃል። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ክረምት ባትሪን ሞልቶ ማቆየት ማለት ከበረዶ መጠበቅ ማለት ነው።

ሙቀት የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ባትሪ በራሱ የሚደክምበት ፍጥነት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በእጥፍ ያድጋል። በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ባትሪና በ45 ዲግሪ አየር ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚቆም ባትሪ ቢነጻጸሩ ሁለተኛው አራት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። በፖዘቲቭ ፕሌቱ ውስጥ ያለው የእርሳስ መረብም በሙቀት ቶሎ ይበላል። ብርድ ደካማውን ባትሪ ያጋልጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ ያደከመው ያለፈው በጋ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ አዲስ አበባ የታደለች ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋማ አየሯ ለባትሪ ከባድ ብርድም ከባድ ሙቀትም አያመጣም። ይሁን እንጂ ድብቁ ፍጆታና ሰልፌሽኑ በመዲናዋም አይቀሩም፤ ባለቤቱ ውጭ አገር የሆነና ግቢ ውስጥ ለወራት የቆመ መኪና ባትሪውን የሚያጣው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው።

በዝግታ መሙላት ማለት ምን ማለት ነው?

የወረደ ባትሪን ለመሙላት የቆየው የጋራዥ ልማድ የሚመክረው የባትሪውን አቅም አንድ አሥረኛ የሆነ ፍሰት ነው። 60 አምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ 6 አምፔር ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ግማሽ የወረደውን ይህን ባትሪ በ4 አምፔር ለመሙላት፣ በመንገድ የሚባክነውና መጨረሻ ላይ የሚቀንሰው ፍሰት ታስቦ፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። አንድ ሌሊት ማለት ነው።

መቸኮል የማያዋጣበት ምክንያት አለ። ኬሚካላዊው ለውጥ የሚካሄደው በፕሌቱ ገጽ ላይ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎችም ጭምር ነው። አሲዱ ወደ ቀዳዳዎቹ ለመግባትና ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ፍሰቱ ከዚህ ፍጥነት ካለፈ ትርፉ ኃይል ወደ ሙቀትነትና ውሃን ወደ ማፍረስ ይሄዳል፤ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ቢታይም የፕሌቱ ውስጥ ገና አልሞላም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባል ለባትሪ በቀጥታ ይሠራል።

ዘመናዊ አውቶማቲክ ቻርጀሮች ይህን ሥራ በሦስት ደረጃ ያከናውናሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ቮልቴጁ እስከ 14.4 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ የማይለዋወጥ ፍሰት ይሰጣሉ። በሁለተኛው ቮልቴጁን እዚያው ይዘው ፍሰቱ በራሱ እየቀነሰ እንዲሄድ ያደርጋሉ፤ የመጨረሻው 20 በመቶ የሚሞላው በዚህ ረጅም ሰዓት ነው። በሦስተኛው ቮልቴጁን ወደ 13.5 አካባቢ ያወርዱና ባትሪው በራሱ የሚያጣውን ብቻ ይተካሉ። ይህ ሦስተኛው ደረጃ ለቆመ መኪና ወሳኙ ነው፤ ሰልፌቱ እንዲከማች ጊዜ አይሰጠውም፣ ውሃውንም አያፈርስም።

እዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ መሣሪያዎችን መለየት ያስፈልጋል። የድሮው ዓይነት ትንሽ ቻርጀር ባትሪው ሞላም አልሞላም ያንኑ ፍሰት ሳያቋርጥ ይለቃል። «ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው እምነት በሒሳብ ሲፈተሽ አይቆምም። 1 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ቻርጀር ሙሉ በሆነ ባትሪ ላይ ቢተውና ፍሰቱ ሁሉ ውሃን ወደ ማፍረስ ቢሄድ፣ ከስድስቱ ክፍሎች በቀን ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይጠፋል። በወር ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይደርሳል። ፕሌቶቹ ከፈሳሹ በላይ ይቀራሉ፤ ባትሪውም ያበቃለታል። ጠባቂ ቻርጀር የሚባለው ዘመናዊ መሣሪያ ግን ቮልቴጁን ይቆጣጠራል፤ ባትሪው ሲሞላም ፍሰቱን ወደ ሚሊአምፔሮች ያወርዳል። ለወራት ተሰክቶ ሊቆይ የሚችለው ይህኛው ብቻ ነው። ከመግዣው በፊት መታየት ያለበትም የአምፔሩ መጠን ሳይሆን ይህ የመቆጣጠር ችሎታ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት የባትሪው ዓይነት ነው። ፈሳሽ አሲድ ያለበት፣ አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ የተያዘበት ኤጂኤም፣ እና አሲዱ የረጋበት ጄል የሚባለው ባትሪ የሚፈልጉት ቮልቴጅ በጥቂቱ ይለያያል። ሞተራቸው በየመብራቱ እየጠፋ የሚነሣ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ኤጂኤም ባትሪ አላቸው። በጥሩ ቻርጀር ላይ የባትሪው ዓይነት የሚመረጥበት ቁልፍ ይኖራል። የአየሩ ሙቀትም ከግምት ይገባል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመጠበቂያው ቮልቴጅ በ0.2 ቮልት ገደማ መቀነስ፣ በብርድ ደግሞ በዚያው መጠን መጨመር አለበት። በገልፍ አገሮች ለሚኖር ሰው ይህን ማስተካከያ በራሱ የሚሠራ ቻርጀር ቅንጦት አይደለም።

ወጪው ግን ትንሽ ነው። ጠባቂ ቻርጀሩ በአማካይ 5 ዋት ቢወስድ በወር የሚፈጀው 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ መሞከር ይበጃል፤ አንዳንድ ቻርጀሮች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ በራሳቸው ሥራ ይቀጥላሉ፣ ሌሎቹ ቁልፋቸው እስኪነካ ይጠብቃሉ። መሰኪያውን ነቅሎ መልሶ በመሰካት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል።

«በሳምንት አንዴ አስነሥቶ ማጥፋት» ይረዳል?

ብዙ ሰው መኪናውን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት አደራ ሲሰጥ «በሳምንት አንዴ አስነሣልኝ» ይላል። ለአሥር ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ግን የሚታሰበውን ያህል አይጠቅምም። የወረደ ባትሪ ዲናሞው የሚሰጠውን ሁሉ በአንዴ አይቀበልም፤ በተለይ ወደ መሙላቱ ሲቃረብና አየሩ ሲበርድ የሚቀበለው ፍሰት በጣም ያንሳል። በአሥር ደቂቃ የሚገባው የማስነሻውን ኃይል ቢተካ እንኳ በሳምንቱ በድብቅ የሄደውን ላይተካ ይችላል። ሞተሩም በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በዘይቱና በጭስ መውጫው ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል። አደራ ተቀባዩ ፈቃደኛ ከሆነ ለአንድ ሰዓት ያህል በመንገድ መንዳት ይሻላል፤ ካልሆነ ጠባቂ ቻርጀሩን ሰክቶ መተው ከሁለቱም ይበልጣል።

ባትሪን ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ኃይሉን ያፈሰዋል የሚለውም የቆየ እምነት ነው። ሳጥኖቹ ከእንጨትና ከጎማ በሚሠሩበት ዘመን ለዚህ መነሻ ነበረው። የዛሬዎቹ ሳጥኖች ግን ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፍ ፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ ወለሉ ምንም አያደርጋቸውም።

መሰኪያ ለሌለው

በአፓርታማ የሚኖርና መኪናውን መንገድ ዳር ወይም በጋራ ማቆሚያ የሚያቆም ሰው ቻርጀር የሚሰካበት ቦታ የለውም። ለእርሱ ቀላሉ መፍትሔ ከጉዞው በፊት ባትሪውን ሙሉ አድርጎ ኔጌቲቭ ገመዱን መንቀል ነው። ድብቁ ፍጆታ ያኔ ይቆማል፤ የሚቀረው ባትሪው በራሱ የሚያጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ሙሉ የሆነ ጤናማ ባትሪ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ በዚህ ሁኔታ ለበርካታ ወራት ይቆያል።

ገመዱ ሲነቀል የማንቂያ ደወሉ ይጠፋል፣ ሰዓቱና የመስኮት ቅንብሩ ይረሳል፣ አንዳንድ ሬዲዮዎችም የምስጢር ቁጥር ይጠይቃሉ። ባትሪው ከኋላ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሆነና ክዳኑ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ፣ ገመዱን ነቅሎ ክዳኑን መዝጋት ባትሪውን ውስጥ መቆለፍ ይሆናል። ስለዚህ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ለሚቆም መኪና ደግሞ መቆጣጠሪያ ያለው ትንሽ የፀሐይ ፓነል ሌላ አማራጭ ነው።

ሊዘነጋ የማይገባው አደጋ

ባትሪ ሲሞላ፣ በተለይ ወደ መጨረሻው፣ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከሲጋራና ከእሳት ርቆ ነው። መቆንጠጫዎቹ የሚያያዙትና የሚነቀሉት ቻርጀሩ ከመሰኪያው ተነቅሎ እያለ ነው። በሌላ መኪና ኃይል ሲነሣም የመጨረሻው ኔጌቲቭ መቆንጠጫ የሚያያዘው የሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ ነው፤ ብልጭታ ቢኖር ጋዙ ካለበት እንዲርቅ።

በረዶ የሆነ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ፈጽሞ ቻርጅ አይደረግም። እየተሞላ ያለ ባትሪ በእጅ ሊነካ እስከማይቻል ከጋለ ወይም የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ካመጣ ኃይሉ ወዲያውኑ ይቋረጣል። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ብዙ ንጹሕ ውሃ አፍስሶ መታጠብና ዓይን ከሆነ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ያበቃለት ባትሪም ተራ ቆሻሻ አይደለም። በውስጡ ያለው እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ባትሪን ግቢ ውስጥ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ ቤተሰብን መመረዝ ነው። የአንድን ባትሪ ዕድሜ በሁለት ዓመት ማራዘም ገንዘብ ከማዳንም በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ሕግ ይለያል

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለመዱ ሆነዋል። የእነዚህ መኪኖች ዋና ባትሪ ሊቲየም አዮን ሲሆን፣ ለእርሳስ ባትሪ የተነገረው ምክር ለእርሱ በቀጥታ አይሠራም። የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መቆየት ይፈልጋል፤ ሊቲየም አዮን ግን ለረጅም ጊዜ ሲቆም ግማሽ አካባቢ መሆን ይሻለዋል።

ምክንያቱ ኬሚካላዊ ነው። የሊቲየም ባትሪ 100 በመቶ ሞልቶ በሙቀት ውስጥ ሲቆም በውስጡ ያልተፈለጉ ምላሾች ይፋጠናሉ፤ አቅሙም ለዘለቄታው ይቀንሳል። ባዶ ሆኖ ለወራት ከቆየም ቮልቴጁ ከዝቅተኛው ወሰን በታች ሊወርድና ባትሪው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ለወራት የሚቆም የኤሌክትሪክ መኪና 50 በመቶ አካባቢ ተሞልቶ፣ በጥላ ቦታ፣ ሁልጊዜ የሚከታተሉት ካሜራዎቹ ጠፍተው ቢቆም ይመረጣል።

በዝግታ መሙላትም እዚህ የራሱ ቦታ አለው። ከቤት 220 ቮልት መሰኪያ 10 አምፔር የሚወስድ ቻርጀር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ከ16 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ረጅም ቢመስልም ባትሪውን አያግለውም። ፈጣን ቻርጅ ለመንገድ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ግን ዝግተኛው ይበጃል።

ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት ግን አለ። አብዛኛዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዋናው ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚያነቃው፣ ዋናውን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነው። አንዳንድ መኪኖች ቆመው ሳለ ከዋናው ባትሪ እየወሰዱ ትንሹን ይሞላሉ፤ ሌሎች ግን አያደርጉትም። በዋናው ባትሪ ውስጥ በመቶ ኪሎሜትሮች የሚቆጠር ጉዞ የሚያስኬድ ኃይል ይዞ በሩ የማይከፈት መኪና የሚያጋጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ትንሹ ባትሪ የእርሳስ ከሆነ ከላይ የተነገረው ሁሉ ይመለከተዋል፤ ሊቲየም ከሆነ ግን ለእርሱ የተሠራ ቻርጀር ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ከግል መኪና ባሻገር

ቆሞ የሚጠብቅ ባትሪ የግል መኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች የሚሠሩ ኮምባይነሮች በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆማሉ። አዝመራው ደርሶ ዝናብ ሲያስፈራራ የማይነሣ ኮምባይነር የሚያስከፍለው ዋጋ ከባትሪው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስም አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ቆመው በመጠበቅ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የሆስፒታል መጠባበቂያ ጄኔሬተር ነው። ታንከሩ በነዳጅ ቢሞላ፣ ሞተሩም አዲስ ቢሆን፣ የሚያስነሣው ባትሪ ከደከመ መብራት በጠፋ ሰዓት የቀዶ ጥገናው ክፍል በጨለማ ይቆያል። በደንብ የተያዘ ጄኔሬተር አጠገብ ሌት ተቀን የማይነቀል ጠባቂ ቻርጀር የሚኖረው ለዚህ ነው። ቻርጀሩ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቮልቴጁን በየጊዜው በቴስተር የሚለካ፣ ልኩን መዝገብ ላይ የሚያሰፍርና ጄኔሬተሩን አስነሥቶ የሚሞክር ሰው ያስፈልጋል። አንድ ልኬት የሚወስደው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው።